ስም የሌለው ስለት

በትዕዛዝ የሚሠራ የጃፓን ቢላዋ ቪዲዮ ያላየ ወጣት አሁን ማግኘት ይከብዳል። ብረቱ ቀልቶ ከእሳት ይወጣል፣ መዶሻ ያርፍበታል፣ ይነከራል፣ ይሳላል፤ መጨረሻ ላይ ቲማቲም እንደ ወረቀት ሲሳሳ እናያለን። «ይሄ እኮ ጥበብ ነው!» እንላለን። ልክ ነው፣ ጥበብ ነው። ጥያቄዬ ሌላ ነው፦ ያንኑ ሥራ እዚሁ ጉለሌ፣ ቀጨኔ፣ አንድ ሰው በወናፍና በከሰል ሲሠራው ምን ብለን ነው የምንጠራው?

መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ቀጥቃጭ።

ቃላቱን እስቲ እንያቸው። «ጠይብ» ከ«ጠቢብ» የመጣ ነው። «ባለ እጅ» ማለት ደግሞ እጁ ሙያ የሚያውቅ ማለት ነው። ሁለቱም ምስጋና ሆነው ተወልደው ስድብ ሆነው አደጉ። ከኋላቸው «ቡዳ» የሚለው ክስ ተከተለ፤ ቀን ብረት ሲቀጠቅጥ የዋለው ሰው ማታ ጅብ ይሆናል የሚባለው። የቀጨኔ ብረት ሠሪዎችም፣ ሸክላ የሚሠሩት ሴቶችም ይህን ስም ተሸክመው ነው የከተማውን ማድ ቤት ያሟሉት። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ሠራተኛን በሙያው መስደብ እንዲቀር አውጀዋል። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ ቃሉ ግን ዛሬም አልሞተም።

ጃፓንን ማድነቅ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። የ1923ቱ ሕገ መንግሥት የጃፓኑን የሜጂ ሕገ መንግሥት አርአያ አድርጎ የተጻፈ ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም ጃፓንን ጎብኝተው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን»ን ጻፉ። ከበደ ሚካኤል ደግሞ በ1946 ዓ.ም «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» የሚለውን አሳተሙ። የእነሱ ዘመን ጃፓንን ከላይ፣ ከመንግሥቱ ጀምሮ አያት። የእኛ ትውልድ ከታች፣ ከማድ ቤቷ ገባ። ይሄኛው መግቢያ ጥሩ ነው ባይ ነኝ። ችግሩ ቢላዋውን ብቻ አይተን መውጣታችን ነው።

ምክንያቱም «በትዕዛዝ» የሚለው ቃል ከውበት በፊት ጥያቄ ነው። ኦሳካ አጠገብ ባለችው በሳካይ ከተማ ቢላዋ የሚሠራው በቅብብሎሽ ነው፦ አንዱ ብረቱን ይቀጠቅጣል፣ ሌላው ስለት ያወጣለታል፣ ሌላው እጀታ ይገጥማል። ደንበኛው ግራኝ ነው ወይ? በአንድ ጎኑ ብቻ የሚሳለው ቢላዋ ለግራኝ ተገልብጦ መሠራት አለበት። ዓሣ ሊበልት ነው? «ደባ» የሚባለው፣ ጀርባው ወፍራም የሆነው ይሠራለታል። ጥሬ ዓሣ ሊቆርጥ ነው? ረጅሙና ቀጭኑ «ያናጊባ»፣ በአንድ ስበት እንዲቆርጥ። ቅርጹን የወለደው ምግቡ ነው።

እና የእኛስ ምግብ? ዶሮ 12 ብልት ሲወጣ ቢላዋው አጥንት ሳይሰብር መገጣጠሚያውን ፈልጎ ማግኘት አለበት፤ ይህ ጫፉ ሹል፣ እጅ ውስጥ የሚታዘዝ አጭር ስለት ይፈልጋል። ቁርጥ የሚበላ ሰው ደግሞ ሌላ ቢላዋ ያሻዋል። ያለ መክተፊያ፣ ሽንኩርቱን መዳፏ ላይ ይዛ ለምትከትፍ እናት ያ የምናደንቀው ረጅም የጃፓን ቢላዋ አይመቻትም፤ እንዲያውም ያስፈራል። ይህን ሁሉ ሳይነገረው የሚያውቀው የቀጨኔው ሠሪ ነው። እኛ ግን ሄደን «ቢላዋ አለ?» እንለዋለን እንጂ «እንዲህ ላለ ሥራ ምን ዓይነት ትሠራልኛለህ?» ብለን አንጠይቀውም።

የአገር ውስጡ ሁሉ ጥሩ ነው እያልኩ አይደለም። ለቢላዋ ከሚውለው ብረት አንዱ የመኪና ባሌስትራ ነው፤ ካርቦኑ 0.6 በመቶ ገደማ ነው። ጃፓኖች ለጥሩ ቢላዋ የሚመርጡት ብረት ከ1 በመቶ በላይ አለው። ስለዚህ የእነሱ ስለት ቀጭን ሆኖ ይቆያል፣ የእኛው ቶሎ ይደነዝዛል። በሌላ በኩል የእነሱ አጥንት ሲነካ ይሸረፋል፣ ባሌስትራው ይችላል። ሙቀቱ ሳይመጠን የተነከረ ብረት ግን የትም ቢሠራ መጥፎ ነው። ይህን መናገር ሠሪውን መናቅ አይደለም። የምናከብረውን ሥራ እንተቸዋለን፤ የምንንቀውን ነው «ጎበዝ» ብለን፣ ዋጋ ተከራክረን የምናልፈው።

ትልቁ ልዩነት ያለው እጀታው አጠገብ ነው። የጃፓኑ ቢላዋ ላይ የሠሪው ወይም የቤቱ ስም ተቀርጿል። እርግጥ ነው፣ የቤቱ ስም ብቻ ሲሆን ከጀርባው ያሉትን ብዙ እጆች ይሸፍናል። ጃፓንም ብትሆን ቆዳ ሠሪዎቿን እንደ ርኩስ ስታገልል ኖራ በሕግ የሻረችው እ.ኤ.አ. በ1871 ነው። ቢሆንም ስሙ አለ፤ ስለቱ ቢደነዝዝ የሚጠየቅ፣ ቢቆርጥ የሚመሰገን ሰው አለ። ቤታችሁ ያለውን ቢላዋ ገልብጡት። ጀበናውንም እንዲሁ። የማን ነው? ሙያው ራሱ ስድብ በሆነበት አገር ስምን ሥራ ላይ መቅረጽ ራስን ማጋለጥ ነበር። «ሃንድሜድ» የሚለው አዲስ ቃላችንም ይህን አልነካውም፤ እጁን አሞግሶ ባለ እጁን ስም አልባ አድርጎ ተወው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ቢላዋ ስታሠሩ ምን እንደምትቆርጡበት ንገሩት፣ የትኛው እጃችሁ እንደሚይዘው ንገሩት፣ ቀብዱን ክፈሉ። ከዚያ ስሙን ብረቱ ላይ ይቀርጽላችሁ እንደሆነ ጠይቁት። እምቢ ሊል ይችላል፤ መብቱ ነው፣ ምክንያቱንም ከእኛ በላይ ያውቀዋል። እሺ ካለ ግን ቢላዋው ሲደነዝዝ ለማን እንደምትመልሱት ታውቃላችሁ፤ ጎረቤት «ማን ሠራልሽ?» ሲል ደግሞ የምትጠሩት ስም ይኖራችኋል።