በትንቢተ ሶፎንያስ ተግሣጽና ተስፋ የማይለያዩ ስለ መሆናቸው

ትንቢተ ሶፎንያስ በዛሬው አከፋፈል 3 ምዕራፍና 53 ቍጥር ያላት አጭር መጽሐፍ ናት። ነቢዩ የተነሣው ኢዮስያስ በይሁዳ በነገሠበት ዘመን፥ ይኸውም ጌታችን ከመወለዱ 600 ዓመት ከሚበልጥ ጊዜ በፊት ነው። በዚች አጭር መጽሐፍ የአገራችን ስም ሁለት ጊዜ ይነሣል፤ መጀመሪያ በምዕራፍ 2 ቍጥር 12 በሰይፍ ከሚወድቁት ጋር፥ ኋላም በምዕራፍ 3 ቍጥር 10 ከወንዞች ማዶ መባ ይዘው ከሚመጡት ጋር።

በዓውደ ምሕረት ስለዚህ መጽሐፍ ሁለት ዓይነት ትምህርት ይሰማል፤ ሁለቱም ጐደሎ ነው። አንዱ መምህር የተስፋውን ቃል ይዞ አገሩን ያመሰግንበታል፤ የሰይፉን ቃል ግን ኩሽ ማለት ከግብጽ በስተ ደቡብ የነበረ ሌላ አገር ነው ብሎ ያልፈዋል። በእውነትም በዕብራይስጥ ኩሽ የተባለውን ኢትዮጵያ ብለው የተረጐሙት ሰባ ሊቃናት ናቸው። ነገር ግን ስሙ በሁለቱም ስፍራ አንድ ነውና፥ በረከቱን ለእኔ፥ ተግሣጹን ለሌላ የሚል ሰው ርስት መርጦ ተካፈለ እንጂ መጽሐፍ ተረጐመ አይባልም።

ሁለተኛው መምህር ድርቅ ወይም ተስቦ በሆነ ጊዜ የቍጣውን ቀን ብቻ ያነባል። ሕዝቡም ደንግጦ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ምን ያደርግ ዘንድ እንደሚገባው ግን አልተነገረውም። ፍርሃት ብቻ የሰማ ሰው፥ ነገሩ ካለቀ ወዲያ ምን ይረባኛል ብሎ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል።

የመጽሐፉ ማሰሪያ ምዕራፍ 2 ቍጥር 3 ነው። በዚያ ነቢዩ ትሑታን ጽድቅን ይፈልጉ ዘንድ ያዛል፤ በቍጣው ቀን ስለ መሰወራቸው ግን ዕብራይስጡ «ምናልባት» ብሎ ይናገራል፤ የሰባ ሊቃናት ግሪክ «ምናልባት»ን ትቶ ይሰወሩ ዘንድ ታዘዙ ወደሚል ምሥጢር ይወስደዋል። በአሞጽ ምዕራፍ 5 ቍጥር 15ም ልዩነቱ ይኸው ነው። «ምናልባት» መባሉ እግዚአብሔር ስለሚጠራጠር አይደለም፤ ሰው ምሕረትን እንደ ደመወዝ እንዳይቈጥራት ነው። አንድም በሩ ገና አልተዘጋም ሲል ነው። ግሪኩም ማዘዙ ለማዳን እንደ ሆነ ያሳያልና ሁለቱ አይጣሉም። የነቢዩም ስም በዕብራይስጥ እግዚአብሔር ሰወረ ማለት ነው። ሊያጠፋ ብቻ የወደደ ጌታ አስቀድሞ ባላስጠነቀቀ ነበር፤ እንግዲህ ማስጠንቀቂያው ራሱ የምሕረት መጀመሪያ ነው።

ይህ ተስፋ ግን ሰይፉ አይመጣም የሚል አይደለም። በምዕራፍ 3 ቍጥር 12 ተርፎ የሚቀረው ትሑትና ድኃ ሕዝብ ነው ተብሏልና። ይህን በወልቂጤና በቡታጅራ ላሉ ምእመናን ለማስረዳት ሩቅ ምሳሌ መፈለግ አያሻም። የጉራጌ ገበሬ እንሰትን ሲያባዛ ገና ያልደረሰውን ተክል ከላይ ቈርጦ፥ የሥሩን እምብርት አውጥቶ፥ በጕድጓድ ቀብሮ አፈርና ፍግ ያለብሰዋል። የማያውቅ ሰው ቢያይ ተክሉን ገደለው ይላል። ወራት ሲቈይ ግን ከአንዱ ሥር ብዙ ችግኝ ይወጣል። ኢሳይያስም በምዕራፍ 6ና 11 ስለ ተቈረጠው ግንድ የተናገረው እንዲህ ባለ ምሥጢር ነው።

የሚድነውም ሰው ሥራ ምን እንደ ሆነ በትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 38ና 39 እናገኛለን። በንጉሥ ቤት ያገለግል የነበረው ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ ነቢዩ በጕድጓድ ጭቃ ውስጥ መጣሉን ሰምቶ በንጉሡ ፊት ተናገረለት፤ ገመዱ ብብቱን እንዳይጐዳው አሮጌ ጨርቅ አውርዶለት አወጣው። ኋላም ኢየሩሳሌም እንደምትጠፋ በተነገረበት በዚያው ቃል እርሱ እንደሚድን ተነገረው። ከተማዪቱ ወደቀች፤ እርሱ ግን ዳነ።

ሶፎንያስ በምዕራፍ 3 ከሁሉ አስቀድሞ የሚገሥጸው አለቆችን፥ ፈራጆችንና ካህናትን ነው፤ አለቆችን በአንበሳ፥ ፈራጆችን በተኵላ ይመስላል፤ ካህናትንም መቅደሱን አረከሱ ይላል። ስለዚህ በሹመት ያለ ሰው በጕድጓድ የተጣለውን ይፈልግ። መምህርም ተግሣጹን ከራሱ ጀምሮ ያንብብ፤ ምዕራፍ 1ን ያነበበም ምዕራፍ 3ን ሳይፈጽም ከዓውደ ምሕረት አይውረድ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።