«ከፍታ» እና «ማኮብኮቢያ»፤ በተራራማ አገር የአየር ማረፊያ ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሒስ

ወደ ላሊበላ በአውሮፕላን የተጓዘ ሁሉ እንደሚያስታውሰው፣ አውሮፕላኑ ባረፈ ጊዜ ዳገቱ ገና ይጀምራል። አየር ማረፊያው ከከተማው ዝቅ ብሎ በሹምሽሃ ሜዳ ላይ የተሠራ ስለ ሆነ፣ መንገደኛው ከሰማይ ከወረደ በኋላ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ በመኪና ሽቅብ ይወጣል። አየር ማረፊያው ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ፣ ከተማው 2,500 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከላስታ ተራሮች አንዱ የሆነው የአቡነ ዮሴፍ ጫፍ ከ4,200 ሜትር ያልፋል። የአገሬው ሰው ይህን ልዩነት ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ ብሎ ለይቶ ይጠራዋል። ስለ አየር ማረፊያው በአማርኛ የሚጻፈው ጽሑፍ ግን ሁሉንም በአንድ ቃል ይጠቀልለዋል፤ ይኸውም «ከፍታ» የሚለው ነው። የዚህ ጽሑፍ ሒስ የሚያተኩረው በዚህ ቃልና በጓደኛው በ«ማኮብኮቢያ» ላይ ነው።

ከሒሱ በፊት ምስጋናው ይቅደም። ከአማርኛ የበረራ ቃላት የብዙዎቹ ምንጭ ወፍ ናት። «በረረ»፣ «አረፈ»፣ «ክንፍ»፣ «አኮበኮበ» የሚሉት ሁሉ አውሮፕላን ሳይታሰብ ስለ ወፍ ይነገሩ የነበሩ ናቸው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ቃላቱ ለአውሮፕላን ማገልገላቸው እየተለመደ ሄደ፤ ሽግግሩም የተሳካ ነው። «አየር ማረፊያ» የሚለውን ስያሜ «የሚያርፈው አውሮፕላን እንጂ አየር አይደለም» ብለው የሚነቅፉ አሉ። ነቀፋው በሰዋስው ረገድ ምክንያት ቢኖረውም፣ ስያሜው ማንንም ስለማያሳስት ልንዘገይበት አይገባም። ወፍ ግን የምትበርርበትን ርቀት አትለካም፤ ስለዚህም የልኬት ስም አላወረሰችንም። ጉድለቱ የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብ ሦስት ጽንሰ ሐሳቦችን በሦስት ስሞች ይለያል። አንደኛው፣ በምድር ገጽ ላይ ያለ ሥፍራ ከባሕር ጠለል ያለው ልኬት ነው። ሁለተኛው፣ በአየር ላይ ያለ ነገር ከባሕር ጠለል ያለው ልኬት ነው። ሦስተኛው፣ ያው በአየር ላይ ያለው ነገር ከታወቀ መነሻ፣ ለምሳሌ ከአየር ማረፊያው ወለል፣ ያለው ልኬት ነው። ተርጓሚዎቻችን ሦስቱንም «ከፍታ» ይሏቸዋል። ሜዳማና ለባሕር ቅርብ በሆነ አገር ቢሆን ይህ ድህነት ብዙ ጉዳት ባላደረሰ፤ ሦስቱም ቁጥሮች ተቀራራቢ ናቸውና። በላስታ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

«አውሮፕላኑ በ3,500 ሜትር ከፍታ ላይ ይበር ነበር» የሚል ዓረፍተ ነገር እንውሰድ። ልኬቱ ከባሕር ጠለል ከሆነ፣ አውሮፕላኑ ከአየር ማረፊያው 1,500 ሜትር፣ ከከተማው ደግሞ 1,000 ሜትር ያህል ከፍ ብሏል፤ ከአቡነ ዮሴፍ ጫፍ ግን ከ700 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነው። ልኬቱ ከአየር ማረፊያው ወለል ከሆነ፣ አውሮፕላኑ ከባሕር ጠለል 5,500 ሜትር ላይ ነው፤ ተራራውንም አልፎት ሄዷል። በአንዱ ፍቺ ተራራው ከፊቱ ይቆማል፤ በሌላው ከበታቹ ይቀራል። ዓረፍተ ነገሩ በሰዋስው ምንም እንከን የለበትም፤ የአደጋ ምርመራ ዘገባ ቢሆን ግን አንባቢውን ወደ ተሳሳተ ፍርድ ይመራዋል።

በዚህ ላይ አራተኛ «ከፍታ» ተጨምሯል። አየር በሞቀ ቁጥር ስለሚሳሳ፣ አውሮፕላን በእኩለ ቀን ሙቀት ካለበት ሥፍራ በላይ እንዳለ ሆኖ ይቸገራል። በዓለም አቀፉ መለኪያ 2,000 ሜትር ላይ የሚጠበቀው ሙቀት 2 ዲግሪ ያህል ነው፤ ሙቀቱ 25 ዲግሪ ከደረሰ አውሮፕላኑ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ እንዳለ ሆኖ ይሠራል፤ ለመነሣትም ረዘም ያለ ሩጫ ይፈልጋል። ይህንን «የእፍግታ ከፍታ» ብሎ መተርጐም ቃል በቃል ትክክል ነው፤ ሆኖም አንባቢው ማንም ሊቆምበት የሚችል ሥፍራ ያስመስለዋል።

«አብራሪውና ተቆጣጣሪው በእንግሊዝኛ ይነጋገራሉና አማርኛው ቢደበላለቅ ምን ይጎዳል?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። መልሱ ከአብራሪው ክፍል ውጭ ይገኛል። ለረጅም ዘመን በተሠራበት ዓለም አቀፍ ደንብ መሠረት፣ በአየር ማረፊያ ዙሪያ በተወሰነ ክልል ውስጥ ከአየር ማረፊያው ከፍታ 45 ሜትር የሚያልፍ ነገር እንዳይሠራ ይከለከላል። ይህ ደንብ «ከ45 ሜትር ከፍታ በላይ መሥራት ክልክል ነው» ተብሎ ቢተረጐምና ለአንድ ባለ ርስት ቢነበብለት፣ ሰውየው ከደጃፉ ጀምሮ ይለካል። ቤቱ ከአየር ማረፊያው 40 ሜትር ከፍ ባለ ጉብታ ላይ ከሆነ ግን የተፈቀደለት 5 ሜትር ብቻ ነው። ስሕተቱ የተርጓሚው ሆኖ ሳለ፣ ጣሪያው የሚፈርስበት ባለ ርስቱ ነው።

«ማኮብኮቢያ» ደግሞ በተቃራኒው መንገድ ይበድላል። «ከፍታ» የሚያሳስተው የመለኪያውን መነሻ በመሸሸግ ነው፤ «ማኮብኮቢያ» ግን ሁለት የተለያዩ ድርጊቶችን በማዋሐድ ነው። «አኮበኮበ» አውሮፕላኑ ለመነሣት በኀይል ሲሮጥም፣ ቀስ ብሎ ከመቆሚያው ወደ መነሻው ሲሄድም ይነገራል። በትንንሽ አየር ማረፊያዎች አንዱ ጎዳና ለሁለቱም ድርጊቶች ስለሚያገለግል አደናጋሪነቱ ይብሳል። በ1969 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1977) በቴነሪፍ ደሴት አየር ማረፊያ ሁለት ታላላቅ አውሮፕላኖች ተጋጭተው 583 ሰዎች ሞተዋል። በዚያች ሰዓት በደመና ውስጥ አንደኛው ለመነሣት ይንደረደር ነበር፤ ሁለተኛው በዚያው ጎዳና ላይ በዝግታ ይሄድ ነበር። በአማርኛ ግን ሁለቱም «ያኮበክቡ ነበር» ሊባል ይችላል። ከአደጋው ምክንያቶች አንዱ፣ «መነሣት» የሚል ፍቺ ያለው የእንግሊዝኛ ቃል በሁለት መንገድ ሊሰማ መቻሉ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቃሉ በመነሣት ፈቃድ ብቻ እንዲወሰን ተደርጓል። እንግሊዝኛ ለአንድ ቃል ጥራት የከፈለው ዋጋ ይህን ያህል ከሆነ፣ አማርኛ ትምህርቱን ያለ ዋጋ ቢወስድ ብልኅነት ነው።

ስለዚህ የሚከተለው ሐሳብ ይቀርባል። «ከፍታ» የምድር ብቻ ይሁን፤ የተራራ፣ የከተማ፣ የአየር ማረፊያ። «ቁመት» እግሩን ምድር ላይ ለተከለ ነገር፣ ለቤት፣ ለዛፍና ለግንብ ይቆይ። በአየር ላይ ላለው «መጠቀ» ከሚለው ግሥ የወጣው «ምጥቀት» ይግባ፤ መነሻውም ምንጊዜም ይጠቀስ፤ «ከባሕር ጠለል ምጥቀት»፣ «ከወለል ምጥቀት» እየተባለ። «ምጥቀት» ስለ አእምሮ መነገሩ እንቅፋት አይሆንም፤ ያም ከሰማይ የተዋሰው ነውና። አራተኛው፣ በሙቀት የሚለዋወጠው፣ ከነጭራሹ «ከፍታ» ባይባል ይሻላል፤ «በአየር መሳሳት የሚገመት ምጥቀት» የሚለው ቢረዝምም አያታልልም። አውሮፕላን የሚነሣበትና የሚያርፍበት ጎዳና «መንደርደሪያ»፣ በዝግታ የሚሄድበት ደግሞ «ማዝገሚያ» ይባል። «አኮበኮበ» ለጋዜጠኛና ለደራሲ ይተው፤ ውብ ቃል ነውና ከአገልግሎት ሊወጣ አይገባም፤ በደንብና በዘገባ ውስጥ ግን ባይገባ ይመረጣል።

እነዚህን ስያሜዎች የሚነቅፍ ቢኖር መልካም ነው፤ የተሻለም ይምጣ። መመዘኛው ግን አንድ መሆን አለበት። በሹምሽሃ ለባለ ርስቱ፣ በጣቢያው ለአየር ጠባይ ተመልካቹ፣ በችሎት ለዳኛው ሲነበብ፣ ሦስቱም አንድ ቁጥር ከአንድ መነሻ ቆጥረው የሚደርሱበት ቃል እርሱ ስያሜ ነው። «ከፍታ» ዛሬ ባለበት አኳኋን ይህን ፈተና አያልፍም።