የምናባዊ ጉዞ ትምህርትና የክላውድ መሠረተ ልማት፦ የሁለት መርጃ መሣሪያዎች ግምገማ

አንድ የትምህርት መርጃ መሣሪያ ለክፍል የሚበጅ መሆኑ የሚታወቀው በመጀመሪያው ቀን በሚያስነሣው አድናቆት ሳይሆን፣ መምህሩ በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመትም ሊያስተምርበት በመቻሉ ነው። ይህ ጽሑፍ በቨርቹዋል ሪያሊቲ፣ ማለትም ተመልካቹን በዙሪያው በተዘረጋ ምስል ውስጥ በሚያስገባው የኮምፒዩተር ጥበብ የተዘጋጁ ሁለት መርጃ መሣሪያዎችን በዚሁ መመዘኛ ይገመግማል። ሁለቱም የተመሠረቱት በክላውድ፣ ይኸውም በኢንተርኔት አማካይነት በሩቅ ከሚገኙ ኮምፒዩተሮች በሚቀርብ አገልግሎት ላይ ነው።

የመጀመሪያው የጉግል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2015 ለትምህርት ቤቶች ያቀረበው ኤክስፔዲሽንስ ነው። ተማሪዎች ስማርት ስልክ በተገጠመበትና ከካርቶን እንኳ ሊሠራ በሚችል መመልከቻ የአንድን ቦታ የዙሪያ ፎቶግራፍ ያያሉ። መምህሩ ደግሞ በታብሌት ጉዞውን ይመራል፤ ሊተኮርበት የሚገባውን ነጥብ ያመለክታል፤ የተዘጋጀለትን ማብራሪያና ጥያቄ ያቀርባል፤ ተማሪዎቹ ወዴት እንደሚመለከቱም ይከታተላል።

የዚህ ሥራ ዋና ብልጫ መምህሩን ከቦታው አለማንሣቱ ነው። በአገራችን እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የተሠራጨውን የፕላዝማ ትምህርት የሚያስታውስ ሁሉ የነገሩን ክብደት ይረዳል። ያ ሥርጭት በራሱ ሰዓት ይጀምርና በራሱ ፍጥነት ይሄድ ስለ ነበር፣ ተማሪው ባይገባውም መምህሩ ሊያስቆመው አይችልም ነበር። በኤክስፔዲሽንስ ግን ጉዞውን የሚያስቆመውም የሚያስቀጥለውም መምህሩ ነው።

ሁለተኛው ብልጫ የክላውዱ አጠቃቀም ነው። ተመልካቹ ራሱን ሲያዞር ምስሉ በ20 ሚሊሰከንድ ገደማ ውስጥ ካልተከተለው ማጥወልወልና ማዞር ሊያስከትልበት ይችላል። ብርሃን በመስታወት ክር ውስጥ በሰከንድ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ከአዲስ አበባ እስከ ጆሐንስበርግ በቀጥታ ሲለካ እንኳ ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ፣ ምስሉ እዚያ በሚገኝ ኮምፒዩተር ቢሣል የደርሶ መልሱ መንገድ ብቻውን 40 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። የኤክስፔዲሽንስ አዘጋጆች ይህን ችግር ያስወገዱት ፎቶግራፎቹ አስቀድመው ወደ መሣሪያው እንዲወርዱ፣ መምህሩና ተማሪዎቹም በክፍሉ ውስጥ ባለ ራውተር እንዲገናኙ በማድረግ ነው። በዚህ አሠራር ክላውዱ መጋዘን እንጂ ሠዓሊ አልነበረም፤ ኢንተርኔት በተቋረጠበት ሰዓትም ትምህርቱ ሊቀጥል ይችል ነበር።

ጉድለቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ተማሪው ያያል እንጂ አይሠራም። የባሕር ውስጥ ኮራል ይመለከታል፤ ነገር ግን አይለካም፣ አይመድብም፣ ግምቱን አይፈትንም። ሁለተኛውና የከፋው፣ መጋዘኑ የሌላ ሰው መሆኑ ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. ከሰኔ 30 ቀን 2021 በኋላ አገልግሎቱን አቋረጠ። ብዙዎቹ ጉዞዎች ጉግል አርትስ ኤንድ ካልቸር ወደተባለው ሌላ አገልግሎት ተዛወሩ፤ የመምህሩ የመሪነት ቦታ ግን አብሮ አልተዛወረም። መምህራን የራሳቸውን ጉዞ ያዘጋጁበት የነበረው ቱር ክሪኤተርም በዚያው ቀን ተዘጋ። ሥዕሉ ተረፈ፤ ትምህርቱ ግን አልተረፈም ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው መርጃ መሣሪያ ሞዚላ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው ሀብስ ነው። በዚህ ተሳታፊዎች በኢንተርኔት ማሰሻ አማካይነት በምናባዊ አዳራሽ ተገናኝተው ይነጋገራሉ፤ ራሳቸውም ዕቃ አምጥተው ያኖራሉ። ስለዚህ ከተማሪው ተሳትፎ አንጻር ከመጀመሪያው ይልቃል። ይሁን እንጂ ድምፁም እንቅስቃሴውም ያለማቋረጥ በሩቁ ሰርቨር በኩል ስለሚያልፍ፣ መስመሩ በተቋረጠ ጊዜ ክፍሉም አብሮ ይቋረጣል። በአንድ አዳራሽ የሚመከረው የተሳታፊ ቁጥርም 25 ገደማ በመሆኑ ተማሪ ለሚበዛበት ክፍል አይመችም።

ሞዚላም እ.ኤ.አ. በግንቦት 31 ቀን 2024 አገልግሎቱን ዘጋ። ሆኖም የፕሮግራሙ ጽሑፍ ለሁሉም ክፍት ስለ ነበር፣ ተጠቃሚዎች ሥራቸውን አውርደው በራሳቸው ሰርቨር ላይ ለመትከል ዕድል አገኙ፤ ልማቱንም ሌሎች ቀጠሉበት። አንዱ ሲዘጋ መምህሩ ባዶ እጁን ቀረ፤ ሌላው ሲዘጋ ግን ችሎታውና ሰርቨሩ ላለው ተቋም ቁልፉ ተሰጠው።

እንግዲህ ለማስተማር ዘዴው ኤክስፔዲሽንስ፣ ለዘላቂነቱ ደግሞ ሀብስ ይመረጣል። የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆቻችን ወደፊት የሚቀርብላቸውን ተመሳሳይ መሣሪያ በሥርዓተ ትምህርታቸው ከማካተታቸው በፊት ሦስት ነገሮችን ሊጠይቁ ይገባል። መምህሩ ትምህርቱን ሊያስቆምና ሊመራ ይችላልን? መስመር ሲቋረጥ ትምህርቱ ይቀጥላልን? አቅራቢው አገልግሎቱን ቢዘጋ የተዘጋጀው ትምህርት በኮሌጁ እጅ ይቀራልን? ለሦስቱም አጥጋቢ መልስ ካልተገኘ፣ መሣሪያው ለአንድ ቀን ትዕይንት ይቅረብ እንጂ ዕጩ መምህራን የዓመት ዕቅዳቸውን ሊመሠርቱበት አይገባም።