ተረከዙን ጨብጡት

«እግራቸውን ለሚያማቸው ሰዎች ለምን ለስላሳ ጫማ አንሰጣቸውም?» ብሎ ጠየቀኝ፣ ከእኔ ዘንድ የጫማ ሥራ ሊለምድ የገባ ልጅ። ጥያቄው የእሱ ብቻ አይደለም። መርካቶ፣ ሸራ ተራ ጫማ ሊገዛ የሚመጣው አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው አውራ ጣቱን ውስጥ ከትቶ መርገጫውን ጫን ጫን ማድረግ ነው። ሰመጥ ካለለት «ይሄ ይመቻል» ይላል። ሻጩም ያንኑ እያሞገሰ ይሸጥለታል። እኔ በዚህ ጉዳይ ከማንም ጋር እከራከራለሁ፤ ልስላሴ ድጋፍ አይደለም። ተረከዙን ወይም ቁርጭምጭሚቱን ለሚያመው ሰው ጫማ የሚመረጠው ከኋላው ተጀምሮ ነው።

የጫማውን ጀርባ፣ ተረከዝን አቅፎ የሚይዘውን ክፍል፣ ከግራና ከቀኝ በጣታችሁ ጨብጡት። በገበሩና በቆዳው መሀል ደህና ማጠንከሪያ ካለበት እንቢ ይላችኋል። ርካሹ ውስጥ የሚገባው ካርቶን ነው፤ አንድ ክረምት ከዘነበበት ይሟሽሻል። ከዚያ ወዲያ ጫማው እግሩን መያዙ ቀርቶ እግሩ ጫማውን ይጎትታል።

ቁርጭምጭሚት የተቀመጠው ተረከዝ ላይ ነው። ተረከዝ ወደ ውስጥ ሲያዘነብል የእግሩ ቅስት ይወድቃል፣ ቁርጭምጭሚቱ ይከተለዋል፣ ቀጥሎ ጉልበትም ማመም ሊጀምር ይችላል። ስፖንጅ ያዘነበለውን እግር አያቃናም፤ ባዘነበለበት በኩል ይሰምጥለታል እንጂ። ለስላሳ ነገር ጠንካራ መሠረት ላይ ሲነጠፍ ደግ ነው፤ ጠቡ መሠረቱ ራሱ ስፖንጅ ሲሆን ነው። ጀርባውን ከጨበጣችሁ በኋላ ጫማውን በሁለት እጅ ይዛችሁ እጠፉት። መታጠፍ ያለበት ጣቶች በሚታጠፉበት ቦታ ነው። መሀሉ ላይ ከታጠፈ፣ ወይም እንደ ታጠበ ነጠላ ከተጠመዘዘ መልሱት።

ጠዋት ከአልጋ ሲወርዱ የመጀመሪያው እርምጃ ተረከዛቸውን ሰቅዞ የሚይዛቸው ሰዎች አሉ። ብዙ ጊዜ የተቆጣው ከተረከዝ ሥር ተነስቶ እስከ ጣቶች የተዘረጋው ጅማት ነው። እነዚህን ጭራሽ ዝርግ የሆነ ነጠላ ጫማ ያባብስባቸዋል፤ 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ታኮ ግን ያሳርፋቸዋል። ስኳር ኖሮበት እግሩ የደነዘዘ ሰው ደግሞ «ተመችቶኛል» ማለቱ መለኪያ አይሆንም። የእሱ ጫማ በእጅና በዓይን ይለካል፤ ባጠለቀ ቁጥርም አስቀድሞ ውስጡን ይዳብስ።

የኛን ሰው የሚፈትነው ሌላም ነገር አለ። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ፣ መስጊድ በር ላይ፣ የሰው ቤት ስንገባም ጫማ እናወልቃለን። ስለዚህ ቶሎ የሚወልቀውን እንመርጣለን፤ ክር ያለውንም ሳንፈታ ጀርባውን ረግጠን እንሄዳለን። በጫማ ሰፊው ድካም የቆመ ጀርባ በአንድ ሳምንት ይሞታል። መፍትሔው ጀርባውን መግደል አይደለም። ለሽማግሌዎች ስሠራ ከውስጥ በኩል ዚፕ አደርግላቸዋለሁ፤ ክሩ እንደታሰረ ይወልቃል፣ እንደታሰረ ይጠለቃል።

«አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ አላሸነፈም ወይ?» የሚሉኝ አሉ። አዎ፣ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ 2:15:16 ገብቷል። በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ግን ጫማ አድርጎ ሮጠ፤ በ2:12:11 ገባ። ከሁለቱ ሩጫዎች እኔ የምወስደው ትምህርት፣ የማይሆን ጫማ ከማድረግ ባዶ እግር ይሻላል፣ የሚሆን ጫማ ግን ከሁለቱም ይበልጣል የሚል ነው።

ባዶ እግር የሚያስከፍለውንም አውቃለሁ። ያደግሁት ጎጃም፣ ቀይ አፈር ላይ ነው። አክስቴ ዝሆኔ ነበረባት። ሰፈርተኛው እርግማን ነው ይል ነበር፤ ይጋባል ብሎም ይሸሻት ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እዚሁ አገራችን ባደረገው ምርምር ያስረዳው ሌላ ነው። በሽታው የሚመጣው ለዓመታት ከእሳተ ገሞራ የተገኘ ቀይ አፈር በባዶ እግር ከመርገጥ ነው፤ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። እግርን በሳሙና ማጠብና ጫማ ማድረግ ይከላከለዋል።

ሙያውን ስይዝ ለአክስቴ የሚሆን ፎርማ በገበያ አልነበረም። እግሯን ወረቀት ላይ አቁሜ ዙሪያውን ነደፍኩ፣ ውፍረቱን በክር ለካሁ። የጫማውን አፍ እስከ ጣቶቿ ድረስ ከፍቼ በክር እንዲጠብቅና እንዲላላ አደረግሁት፤ እብጠቱ ከጠዋት እስከ ማታ አንድ አይደለምና። እንዳይልጣት ስፌቱን ከውስጥ አስወገድኩ። ጀርባውን ግን አጠነከርኩት። ለዓመታት ቀርታበት የነበረውን የቅዳሜ ገበያ በዚያ ጫማ ሄደችበት። ከዚያ በፊት ጫማ መስፋት ለኔ እንጀራ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰውን ከሰው የሚቀላቅል ሥራ ሆነብኝ፤ የተረከዝን ነገር ስናገር ድምፄ ከፍ የሚለውም ለዚህ ነው።

ስለዚህ ጫማ ስትገዙ ከሰዓት በኋላ፣ እግር አበጥ ሲል ግዙ። ቆማችሁ ለኩ፤ ከረጅሙ ጣት ፊት 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ይተርፍ። ብዙ ጊዜ አንዱ እግር ከሌላው ይበልጣል፤ ለትልቁ ግዙ። ለእኛ ለሠሪዎች ደግሞ፣ በርዝመት ብቻ ቁጥር እየሰጠን ወርዱን መርሳት ይብቃን። እግር ርዝመትም ስፋትም አለው። ጠባብ አፍና የሞተ ጀርባ ያለው ጫማ ሸጠን እግሩ ያበጠውን ሰው «ቁጥርህ የለም» ብለን መመለስ ሙያ አይባልም።