ምስክር ወረቀቱና ቢን ካርዱ

ሥራ ፈልገው ወደ ቢሯችን የሚመጡ ልጆች በቅድሚያ የሚያሳዩኝ የሙያ ምስክር ወረቀታቸውን ነው። በአክብሮት ተቀብዬ አየዋለሁ። እኔም 70-461 ለሚባለው የማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨር ፈተና ስንት ሌሊት እንዳነጋሁ አልረሳውም። ማለፊያው ከ1000 ነጥብ 700 ነበር። ከዚያ በፊት ለነጋዴዎች በአክሰስ ፕሮግራም እየሠራሁ እተዳደር ነበር፤ ሁለት ሠራተኞች አንድን መዝገብ እኩል ሲነኩት ምን እንደሚፈጠር ግን በቅጡ አላውቅም ነበር። ትራንዛክሽንን ያስተማረኝ ለፈተናው ያደረግኩት ዝግጅት ነው። ዕቃው ከመጋዘን ሲወጣና ዕዳው በደንበኛው ስም ሲጻፍ ሁለቱም ይፈጸማሉ፣ አለዚያ ሁለቱም ይቀራሉ፤ መሐል ላይ መብራት ቢጠፋም። ለዚህ ብቻ እንኳ ድካሜ አይቆጨኝም።

ፈተናው ያልጠየቀኝን ሥራው ጠየቀኝ። መርካቶ ውስጥ ለአንድ ጅምላ አከፋፋይ የዱቤ መዝገብ ሠርቼ ካስረከብኩ በሦስተኛው ወር የሒሳብ ሠራተኛዋ አስጠራችኝ።

«ልጄ፣ ይቺን ደንበኛችንን እኮ ሦስት ቦታ ከፍለሃታል» አለችኝ።

«እንዴት እትዬ?»

ስክሪኑን ወደኔ አዞረችው። ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ። የአባት ስም አንድ፣ ስልክ አንድ፣ ዕዳ ግን ሦስት ቦታ። እያንዳንዱ ከዱቤ ጣሪያው በታች ስለነበር ፕሮግራሙ ሦስቴም «ይፈቀዳል» ብሏል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ ጸ እና ፀ የየራሳቸው ቁጥር ተሰጥቷቸዋል፤ ለኮምፒውተሩ ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በምሠራው ሁሉ ከስሙ ጎን ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ሌላ ዓምድ አኖራለሁ፤ እዚያ ሐ፣ ኀ እና ሃ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ይለወጣሉ። ሰውየው ስሙን የጻፈበት ፊደል ግን አይነካም፤ ስሙ የራሱ ነው።

የቀን ነገርም እንዲሁ ነው። ጥቅምት 30ን 30/2 ብለህ ስታስገባ የቀን ዓምዱ አይቀበልህም፤ ፌብሩዋሪ 30 የለማ። ጳጉሜንማ ጨርሶ አያውቃትም። ብዙ ጀማሪ ተበሳጭቶ ዓምዱን ወደ ጽሑፍ ይለውጠዋል፤ ያን ጊዜ 10 ከ2 በፊት ይሰለፍና የሰኔ 30 መዝጊያ ሪፖርት ይመሰቃቀላል። ቀኑን በፈረንጆቹ አቆጣጠር አስቀምጦ ለተጠቃሚው በእኛ መልሶ ማሳየት ነው የሚያዋጣው።

ስለዚህ ምስክር ወረቀቱን ካየሁ በኋላ ከመሳቢያዬ አንድ ያረጀ ቢን ካርድ፣ ማለትም የዕቃ ቤት መመዝገቢያ ካርድ አወጣለሁ። ቀን፣ የሞዴል 19 (የዕቃ ገቢ ደረሰኝ) ቁጥር፣ ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ። አንድ መስመር ላይ 40 የሚለው ቁጥር ተሰርዞ 14 ተጽፏል፤ ጎኑ ላይ ፊርማ አለ። «ከዚህ ሠንጠረዥ አውጣልኝ» እላለሁ። ቀሪውን እንደ ዓምድ ያስቀምጠዋል ወይስ ከገቢና ወጪ ያሰላዋል? ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው። የበለጠ ደስ የሚለኝ ግን «ይሄን ማን ሰረዘው?» የሚለኝ ልጅ ነው። በወረቀቱ ላይ የተሳሳተው ቁጥር አልጠፋም፤ ተሰርዞም ይነበባል። ፕሮግራማችንም ስህተትን በማጥፋት ፈንታ በሌላ መስመር ማረም እንዳለበት ልጁ ከዚያች ፊርማ ይገባዋል።

ያን የእኔን ፈተና ያካተተውን፣ ኤምሲኤስኤ የተባለውን የምስክር ወረቀት ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2021 ዘግቶታል። እንግዲህ አገር ውስጥ የሙያ ምዘና የምታዘጋጁ ወገኖች፣ ጥያቄ ስታወጡ ፀሐይን፣ ጳጉሜንንና ቢን ካርዱን አትርሷቸው። ለፈተና የምትዘጋጅ ወጣትም ብትሆን መጽሐፉን እያነበብክ በሳምንት አንድ ቀን ንብረት ክፍል ሄደህ ተቀመጥ፤ የዕቃ ቤት ሠራተኛዋ ካርዱን ስትሞላ እያት።