«መከላከያ» ወይስ «ማከሚያ»? ከትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና በኋላ ስለሚሰጡ መድኃኒቶች አሰያየም

ትርፍ አንጀቱ በቀዶ ሕክምና የወጣለት ሰው ከሐኪም ቤት ሲሰናበት የሚሰጠው የጽሑፍ መመሪያ አብዛኛውን ጊዜ አጭር ነው። አጭር በመሆኑም ተርጓሚዎች አቅልለው ያዩታል። እዚህ ላይ የምንመረምረው በእንዲህ ያሉ መመሪያዎች የሚዘወተሩትን ጥቂት የአማርኛ ቃላት ነው። ቃላቱ ለየብቻቸው ሲታዩ አብዛኞቹ የሚነቀፉ አይደሉም። ነቀፌታችን ሐኪሙ አጥብቆ የሚለያቸውን ሁለት ነገሮች አንድ አድርገው ማቅረባቸው ነው።

በመጀመሪያ «ትርፍ አንጀት» የሚለውን ስም እንይ። በሕዝቡ አነጋገር ቃሉ የአካሉም፣ የበሽታውም ስም ነው፤ «ትርፍ አንጀት አመመው» ይባላል፣ «ትርፍ አንጀት ነው ተባለ» ይባላል። ዐውዱ ስለሚለየው በዚህ የሚሳሳት የለም። ሕዝቡ ከዚሁ ጋር ያቆራኘው ግሥ «ፈነዳ» ነው። አንዳንድ ተርጓሚዎች ግን ይህን ቃል የገበያ ቃል አድርገው በመቁጠር «የተበሳ» ወይም «ፐርፎሬትድ» ይላሉ። እኛ «የፈነዳ» የሚለውን እንመርጣለን፤ ምክንያቱም ከቀዶ ሕክምናው በኋላ መድኃኒት ይቀጥል ወይስ ይቁም የሚለው ጥያቄ በአመዛኙ የሚወሰነው በዚሁ ቃል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትርፍ አንጀቱ ሳይፈነዳ፣ ሳይበሰብስና መግል ሳይቋጥር ከወጣ፣ አንቲባዮቲክ የሚሰጠው ቆዳው ከመቀደዱ በፊት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው መመሪያ ይህ መድኃኒት ከመቀደድ በፊት ባሉት 120 ደቂቃዎች ውስጥ እንዲሰጥ፣ ቀዶ ሕክምናው ካበቃ በኋላ ግን ለመከላከል ሲባል እንዳይራዘም ይመክራል። ትርፍ አንጀቱ የፈነዳ ወይም መግል የቋጠረ እንደ ሆነ ግን ተሕዋስያኑ አስቀድመው ሆድ ዕቃ ውስጥ ገብተዋልና መድኃኒቱ ይቀጥላል። ይህ ሕክምና እንጂ መከላከል አይደለም። ስንት ቀን ይቀጥል የሚለው ብዙ አከራክሯል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የአሜሪካና የካናዳ ጥናት፣ የሆድ ዕቃ ኢንፌክሽን መነሻው በሚገባ ከተወገደ በኋላ የ4 ቀን ሕክምና 8 ቀን ገደማ ከሚፈጀው ጋር ተመጣጣኝ ውጤት እንዳለው አሳይቷል። በ2023 የታተመው የኔዘርላንድ ጥናት ደግሞ ከ1,000 በላይ ሕሙማንን ይዞ 2 ቀንን ከ5 ቀን ጋር አነጻጽሮ፣ ኢንፌክሽንንና ሞትን በተመለከተ አጭሩ እንደማያንስ ደርሶበታል፤ ይሁን እንጂ ተመልሰው ሐኪም ቤት የገቡት በ2 ቀኑ ወገን ይበዙ ነበር።

አሁን «መከላከያ» ወደሚለው ቃል እንመለስ። ቃሉ ጊዜን አይናገርም። «የኢንፌክሽን መከላከያ መድኃኒት» ሲባል በቀዶ ሕክምናው ጠረጴዛ ላይ አንድ ጊዜ የተወጋውንም፣ የፈነዳበት ሰው ለቀናት የሚውጠውንም እኩል ይሸፍናል። ሳይፈነዳበት የወጣለት በሽተኛ ጎረቤቱ ክኒን ይዞ ሲወጣ አይቶ «እኔን ሳይከላከሉልኝ ሰደዱኝ» ቢል፣ አልፎም ከመድኃኒት ቤት በራሱ ገዝቶ ቢውጥ የምንወቅሰው እሱን አይደለም። ስለዚህ የመጀመሪያውን «የቅድመ ቀዶ ሕክምና መከላከያ»፣ ሁለተኛውን «ማከሚያ» ብሎ መለየት ይገባል እንላለን። ርዝመቱ ቢከብድም ጥቅሙ ያካክሰዋል።

«ቁስሉ እንዳያመረቅዝ» የሚለውም አገላለጽ እንዲሁ ነው። «አመረቀዘ» ያማረ ግሥ ነው፤ «ኢንፌክሽን» የሚለውን የውጭ ቃል በብዙ ቦታ ይተካል። ነገር ግን ዓይን የሚያየውን ቁስል ስለሚያመለክት፣ በሽተኛው የቆዳው ስፌት ከደረቀ ተፈወስኩ ብሎ እንዲያምን ያደርገዋል። የሚያሰጋው ግን ሆድ ውስጥ የሚቋጠረው መግል ነውና፣ በዚህ ጊዜ «ሆድ ውስጥ መግል እንዳይቋጠር» ብሎ መጻፍ ይሻላል።

ስለ መድኃኒቱ ስም ብዙ አንልም። «ፀረ ተሕዋስያን» ከግእዙ የመንቀሳቀስ ሥር የወጣ፣ ቫይረሱንም ፈንገሱንም የሚጠቀልል ሰፊ ቃል በመሆኑ ለሰፊው ፅንሰ ሐሳብ ይቀመጥ። በሳይንስ ጽሑፍ «ፀረ ባክቴሪያ»፣ ለበሽተኛው ግን የለመደው «አንቲባዮቲክ» ይበቃል። «አንድ መጠን ይሰጠዋል» የሚለው ግን አማርኛ አይደለም። «አንድ ጊዜ ይወጋል» ማለት ምን ያስቸግራል? እንዲያውም «ተወጋ» እና «ዋጠ» የሚሉት ግሦቻችን ሕሙማኑ ከመርፌ ወደ ክኒን መሸጋገራቸውን ያለ ተጨማሪ ማብራሪያ ይነግሩናል፤ «ወሰደ» የሚለው ግን ሁለቱን ያደበላልቃል።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻው «መላመድ» ነው። «መድኃኒት የተላመደ ቲቢ» በሚለው ሐረግ የተላመደው ማን እንደ ሆነ ግልጽ ነው። «የመድኃኒት መላመድ» ተብሎ ባለቤቱ ሲቀር ግን አንባቢው የራሱ ሰውነት መድኃኒቱን የለመደ ይመስለዋል፤ ከዚያም ጠንከር ያለ ይታዘዝልኝ ይላል። ስለዚህ «ባክቴሪያው መድኃኒቱን ተላመደው» ተብሎ ባለቤቱ ሁልጊዜ ይጠራ።

በመጨረሻም «መድኃኒቱን ሳይጨርሱ አያቋርጡ» የሚለው ትእዛዝ አለ። የሚጨረሰው ሐኪሙ የቆረጠው ቀን ነው ወይስ ፓኮው? የ4 ቀን ሕክምና የታዘዘለት ሰው የ7 ቀን ክኒን የያዘ ፓኮ ቢሰጠው፣ ይህን ትእዛዝ በቅንነት ሲፈጽም 3 ቀን ያለ አስፈላጊነት ይጨምራል። ተርጓሚው «ለ4 ቀን ይዋጡ፤ በ5ኛው ቀን ያቁሙ፤ የተረፈውን ለሌላ ሰው አይስጡ» ብሎ ይጻፍ።