«የሮቦት ንቅለ ተከላ» ስለሚለው ስያሜ

አዲስ የሕክምና ስልት በመጣ ቁጥር ስያሜው ከባለሙያው አልፎ ወደ ሕመምተኛው ጆሮ መድረሱ አይቀርም። ስለሆነም ሙያዊ ቃል የሚመዘነው በአጭርነቱ ብቻ ሳይሆን በሚያሳድረው ግንዛቤም ጭምር ነው። «የሮቦት ኩላሊት ንቅለ ተከላ» የተሰኘውን ስያሜ በዚህ ሚዛን ስንመረምረው ሁለት ጉድለቶች እናገኝበታለን።

የመጀመሪያው «የ» በሚለው አገባብ ላይ ይታያል። «የኩላሊት ቀዶ ጥገና» ስንል ኩላሊቱ ተደራጊ ነው፤ «የሮቦት ቀዶ ጥገና» ስንል ግን ሮቦቱ አድራጊ መስሎ ይሰማል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ቀዶ ጠጋኙ ሐኪም ከአልጋው ራቅ ብሎ ተቀምጦ፣ ጎልቶ የሚታየውን ምስል እየተመለከተ፣ የመሣሪያውን ክንዶች በእጁና በእግሩ ያንቀሳቅሳል። ሮቦት የሚለው ቃልም እ.ኤ.አ. በ1920 በቼኩ ደራሲ በካሬል ቻፔክ ተውኔት የታወቀ ሲሆን፣ ሥርወ ቃሉ የግዳጅ ሥራ ማለት ነው፤ ታዛዥን እንጂ አዛዥን አያመለክትም።

ሁለተኛው ጉድለት ከ«ንቅለ ተከላ» ጋር ይያያዛል። ቃሉ ነቀለና ተከለ ከሚሉት ግሶች የተቀናበረ በመሆኑ ያማረ ነው። ይሁንና ነቀላው የሚፈጸመው በለጋሹ፣ ተከላው ደግሞ በተቀባዩ አካል ላይ ነው። የተቀባዩ የታመሙ ኩላሊቶች አብዛኛውን ጊዜ ሳይነቀሉ በቦታቸው ይቀራሉ፤ አዲሱ በታችኛው ሆድ በአንድ ጎን ይተከላል። ሮቦቱ በአንደኛው ወይም በሁለቱም ሥራ ሊያግዝ ይችላል፤ ስያሜው ግን ይህን አይለይም።

ይህ ተራ የቃል ክርክር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1954 በቦስተን በመንትያ ወንድማማቾች መካከል ከተሳካው ንቅለ ተከላ ወዲህ፣ ሕያው ለጋሽ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ስለ ሌላው ብሎ ለቀዶ ጥገና የሚተኛ ሰው ነው። በአገራችንም በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2015 ንቅለ ተከላ የተጀመረው ከሕያዋን ለጋሾች በተገኙ ኩላሊቶች ነው። እንዲህ ያለው ሰው መሣሪያውን የሚመራው ማን እንደሆነና ሥራው በማን አካል ላይ እንደሚፈጸም ሳይረዳ ቢፈርም ፈቃዱ ጎደሎ ይሆናል።

ስለዚህ ለመጀመሪያው ሥራ «በሮቦት የታገዘ የለጋሽ ኩላሊት ማውጣት»፣ ለሁለተኛው «በሮቦት የታገዘ የኩላሊት ተከላ» ቢባል እንመርጣለን። «ነቀላ»ን የተውነው ለለጋሹ ጆሮ ስለሚሻክር ነው። «ንቅለ ተከላ» ግን የሁለቱ ሥራዎች የጋራ መጠሪያ ሆኖ ይቆይ። ስያሜዎቹ ረዘም ማለታቸው አይካድም፤ ሆኖም ቃል አጥሮ ከሚያሳስት ረዝሞ ቢያስረዳ ይሻላል እንላለን።